ቤት የሚመታበት ቤት

አዝማሪ ቤት የሚባል ነገር ከመኖሩ በፊት አዝማሪው ራሱ ቤት አልነበረውም። ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ከሰርግ ወደ ክርስትና፣ ከገበያ ወደ ጌታ ግቢ እየዞረ የሚኖር ሰው ነበር። በደረሰበት ይበላል፣ በመሸበት ያድራል፣ ሲነጋ የሌላ አገር እንግዳ ነው። ስሙ ከግእዙ «ዘመረ» የተገኘ ቢሆንም የቤተ ክህነት መዝሙርና የአዝማሪ ዘፈን በአንድ ደጅ አይገቡም። የአንዱ ዜማ ለእግዚአብሔር፣ የሌላው ለሰው ነው። የሚገናኙበት አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ሰምና ወርቅ ነው።

በእኛ በጎጃም ይህ ነገር ከአፈሩ ጋር የበቀለ ይመስላል። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለምኖ እየበላ፣ አንድን ቃል ለሁለት ለመሰንጠቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ያድር ነበር። አዝማሪው ደግሞ ጉባኤ ቤት ሳይገባ፣ ፊደል ሳይቆጥር፣ ያንኑ ጥበብ ጠጅ በሚጠጣበት መደብ አጠገብ ያመጣዋል። ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ፣ መንቆረር የነበረችው ከተማቸውም በቤተ ክርስቲያኗ ስም ደብረ ማርቆስ ስትባል፣ በመኳንንት ግብር ላይ የአዝማሪ ቦታ የታወቀ ነበር። ጌታውን ያወድሳል፤ በውዳሴው ውስጥ ግን ማንም ሌላ ሰው ሊናገር የማይደፍረውን ወቀሳ ያስገባል። ጌታው ሰሙን ሰምቶ ይሸልመዋል፤ ወርቁን የሰማው ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ደሀው ቅሬታውን የሚልከው፣ ያገሬው ሰውም ወሬውን የሚሰማው በአዝማሪው አፍ ነበር።

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዳግማዊ ምኒልክ ስለ አውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን በላኳቸው ጊዜ፣ ከመኪናው ትምህርት ጎን ለጎን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ያ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያው ሸክላ ነው። ተሰማ በትውልድ አዝማሪ ሳይሆኑ ባለሥልጣንና የግጥም ሰው ነበሩ። ሸክላው ግን የማሲንቆና የግጥም ነገር ከጌታ ግቢ አልፎ ዓለምን ሊዞር እንደሚችል ያን ጊዜ አሳየ። አዝማሪው ግን ገና ቤት አልነበረውም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ከዚያ በኋላ በከተማዋ ላይ የወረደውን እልቂት ሁላችንም ተምረነዋል። ከዚያ ሁሉ ሞት መካከል እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አንድ ትእዛዝ አለ። ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው መልእክት ጠንቋዮችና እየዞሩ የሚዘፍኑ ሰዎች የጣሊያን መንግሥት ማብቂያ ደርሷል እያሉ ሕዝቡን እንደሚያናውጡ ገልጾ፣ እየተያዙ እንዲገደሉ ማድረጉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ በዚያ ገዳም መገንጠያ በኩል ያልፋል፤ በዚያ ሳልፍ መነኮሳቱን አስባለሁ፤ አብሬም ስማቸው በየትም ያልተጻፈውን አዝማሪዎች አስባለሁ። አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የነበረው መንግሥት አንድ ክር የፈረስ ጭራና አንድ ቁራጭ ቆዳ የያዘን ሰው የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ያ ሰው በየገበያው የሚናገረውን ቃል ሕዝቡ በቃሉ ይይዘው ነበር።

በእነዚያው አምስት የወረራ ዓመታት ነው ጣሊያኖች በአዲስ አበባ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሠሩት። ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር፣ ሰፈሩ «ካዛ ኢንቺስ» ተባለ፤ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የእኛ ሰው ምላስ ያንን አለዘበውና ካዛንቺስ አደረገው። አዝማሪ የገደለው እጅ ያቆመው ሰፈር ኋላ የአዝማሪዎች መኖሪያ እንደሚሆን ያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር?

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው፣ ከአርበኞቹና ከእንግሊዙ ከዊንጌት ጦር ጋር ጎጃምን አቋርጠው መጡ። ከቡሬ፣ ከደንበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ የእኛን ከተማ አማኑኤልን ይረግጣል። በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ እሳቸው አዲስ አበባ ገቡ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ሰው ተከተለ። ከጎጃምም፣ ከጎንደርም፣ ከወሎም፣ ከመንዝም ወደ አዲስ አበባ የወረደው ሰው ካዛንቺስን ሞላት። ባል የሞተባት፣ ትዳር የፈታች፣ ከቤተሰብ ተጣልታ የመጣች ሴት አንድ ክፍል ተከራይታ ጠላ ጠመቀች፣ ጠጅ ጣለች፣ ወጥ ሠራች። መደብ ላይ ምንጣፍ አነጠፈች፤ ደጇ ላይ ጣሳ ሰቀለች። እንዲህ እያለ ጠጅ ቤቱ፣ ጠላ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ በየአጥሩ ሥር በቀለ።

ልብ ብለን ከሆነ በእኛ ቋንቋ ሰው የሚበላበትና የሚጠጣበት ቦታ ሁሉ «ቤት» ነው። ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበት ቢሆንም ቤት ነው፤ ባለቤቲቱ «ቤት ለእንግዳ» ብላ የምትቀበልበት ነው። ደግሞም በግጥም ቋንቋችን የስንኞች መጨረሻ ሲገጣጠም «ቤት መታ» እንላለን። አዝማሪው ከመንገድ ተነሥቶ ወደ እነዚህ ቤቶች ሲገባ፣ ሁለቱ ቤቶች አንድ ሆኑ። ሲዞር የኖረው ሰው በተራው እንግዳ የሚቀበል ሆነ። አዝማሪ ቤት የተወለደው እንደዚህ ነው።

በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቆ ተከፈተ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች እዚያው ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ካዛንቺስ ከዚያ አዳራሽ በእግር ጥቂት ደቂቃ ናት። በአንድ በኩል የአህጉሩ ነገር የሚመከርበት ታላቅ አዳራሽ፣ በሌላ በኩል የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች ጎን ለጎን ኖሩ። ካዛንቺስን ካዛንቺስ ያደረገው ይህ ጉርብትና ነው። ቀን በሱፍ ልብስ የሚታየው ሰው ማታ ከሹፌሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ በአንድ በርጩማ ጫፍ ይቀመጥ ነበር።

በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ያዘ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሌሊቷን አጣች። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ መጀመሪያ የሚዘጋው የሌሊት ቤት ነው። አዝማሪ የሚሞቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ወዲያ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰው በየቤቱ በሩን ቀርቅሮ የጥይት ድምፅ ያዳምጣል። ሰምና ወርቅም በዚያ ዘመን አደገኛ ዕቃ ነበር፤ ወርቁን የሚፈልግ ጆሮ በየጠረጴዛው ነበረና።

እኔ ያን ጊዜ አማኑኤል ልጅ ነበርሁ። አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ደንበጫ ሲሄዱ የምትገኝ የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት፤ ጤፍና ስንዴ፣ ብርድና ጭቃ የማያጣት ደጋ። ታኅሣሥ 28 የአማኑኤል ንግሥ ነው፤ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ገና ነው፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሰርጉ ይከተላል። አዝማሪን መጀመሪያ ያየሁት በእንዲህ ያለ የጥር ሰርግ ላይ ነው። ዳሱ በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ በቅጠል ተሸፍኗል፤ ሽማግሌዎቹ ከላይ፣ ወጣቱ ከታች ተቀምጧል። አዝማሪው ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ በመካከል ቆመ። አባቴ ቀና ብሎ «ተቀበል!» አለው። አዝማሪው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ። አባቴ ሁለት ስንኝ አሾከሾከለት። አዝማሪውም ያንን ይዞ ቀጥ አለና በማሲንቆው አሰማምሮ ለዳሱ ሁሉ አወጣው። ዳሱ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። አባቴ ብር አወጣና ግንባሩ ላይ ለጠፈለት።

እኔን የደነቀኝ ሌላ ነበር። አባቴ በቤት ውስጥ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሲናገር የሚሰማው ለበሬዎቹ ነው። ያን ቀን ግን በሌላ ሰው አፍ ለሁለት መቶ ሰው ተናገረ። አዝማሪው ሊያርፍ ሲቀመጥ ወደ እሱ ተጠጋሁ። ማሲንቆው በአልማዝ ቅርጽ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ፊቱ በቆዳ ተወጥሯል። አንድ ወፍራም ክር ብቻ አለው፤ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ የሚያብረቀርቅ። ደጋኑም እንደ እሱው ክር አለው። ደጋኑን ሙጫ ሲቀባ አይቼ «ይሄ ምንድን ነው?» አልሁት። «የፈረስ ጭራ ነው ልጄ፤ ንካው» አለኝ። ነካሁት። ጣቴ ላይ ሙጫው ተጣበቀ። ያ ሙጫ ከጣቴ ቢለቅም ከልቤ ግን አልለቀቀም።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። ሰዓት እላፊው ሲነሣ ካዛንቺስ ከአሥራ ሰባት ዓመት እንቅልፍ የነቃች ያህል ሆነች። አዝማሪ ቤቶች በየመንገዱ ተከፈቱ፤ የቀድሞዎቹ በአዲስ ስም፣ አዲሶቹ በቀድሞው ወግ። ወጣት አዝማሪዎች ከጎንደርና ከጎጃም ወርደው የከተማውን ቋንቋ ከገጠሩ ማሲንቆ ጋር አጋቡት። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለ የሲዲ ተከታታይ ሁለተኛ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ለእነዚህ የከተማ አዝማሪዎች መስጠቱ የዚያ ዘመን ድምቀት ምስክር ነው። ግራዚያኒ ያጠፋው መስሎት የነበረው ድምፅ ተቀርጾ አውሮፓ ገበያ ላይ ወጣ።

እኔም ያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ መጣሁ። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ግን መንገዱን ቀን ሙሉ ያደርገዋል። ካዛንቺስ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ጓደኞቼ አንድ ማታ አዝማሪ ቤት ወሰዱኝ። ክፍሉ ከአባቴ ጓዳ ብዙም አይሰፋም። ግድግዳው ላይ ሰፌድና አገልግል ተሰቅሏል፤ ወለሉ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ዙሪያውን ዝቅተኛ በርጩማዎች አሉ፤ ሰው ከሰው ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። ጠጁ በብርሌ፣ ቆሎው በሳህን፣ ጥብሱ በብረት ድስት እየተንጫጫ ይመጣል። የማናውቃቸው ሰዎች «ብሉ እንጂ» ብለው እንጀራቸውን ወደ እኛ ገፉት።

አዝማሪዋ ሴት ነበረች፤ ማሲንቆ የሚመታላት ወንድ አብሯት ነበር። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች እንግዳውን ትጠይቃለች፤ ከየት ነው፣ ምን ይሠራል፣ አግብቷል? የተነገራትን ሁሉ በዚያው ቅጽበት ግጥም ታደርገዋለች። ለሐኪም ስለ መርፌው፣ ለሹፌር ስለ ጎማው፣ ራሰ በራ ለሆነው ሰው ስለ ራሱ ትገጥማለች፤ ማንም አይቀየምም። ወደ እኔ ደረሰች። «ጌታው ከወዴት ነው?» አለችኝ። «ከጎጃም፣ ከአማኑኤል» አልኋት። ፊቷ በራ። ጎጃምን፣ አባይን፣ ቅኔውን አወደሰችና በመጨረሻ ዝቅ ብላ ጆሮዋን ሰጠችኝ። ግጥም ከእኔ ጠበቀች። የአገሬ ሰው ተቀበል ሳይል አያልፍምና።

ቃሉ አልመጣልኝም። አባቴ ለዚያ አዝማሪ ያሾከሾከለትን ብፈልግ ጠፋኝ። ብር አውጥቼ ሰጠኋት፤ እሷም አመስግና አለፈች። ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን «ግጥም ብድር ነው፤ ይቆይህ እንጂ አይቀርም» አሉኝ። ይህን ቃል ይዤ ከሃያ ዓመት በላይ ኖርሁ።

ከእነዚያ ቤቶች አንዱ ፈንዲቃ ነበር። እንደ ሌሎቹ አንድ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ነበር። መላኩ በላይ የሚባል ወጣት እዚያ እስክስታ ይወርድ ነበር። ደመወዝ የለውም፤ ከእንግዳ በሚሰጠው ጉርሻ ይኖራል፤ ሌሊት እንግዳው ሲበተን እዚያው ቤት ውስጥ ያድራል። ከመንገድ ላይ ኑሮ የመጣ ልጅ ስለነበር ፈንዲቃ ለእሱ የሥራ ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ቃል በቃል ቤቱ ነበር። ዓመታት አለፉ። በ2000 ዓ.ም. ወለሉ ላይ ይተኛ የነበረው ሰው ቤቱን ተረከበው።

መላኩ ሲጨፍር ያየ ሰው አይረሳውም። የጎጃሙን ትከሻ፣ የጎንደሩን አንገት፣ የሌላውንም ብሔረሰብ ውዝዋዜ በአንድ አካል ይዞ ይነሣል፤ ትከሻው ብቻውን የሚኖር ፍጡር እስኪመስል ድረስ ይንቀጠቀጣል። ኢትዮ ከለር የተባለውን ቡድን አቋቋመ፤ ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን ይዞ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ዞረ። ከአሜሪካው ደቦ ባንድ ጋር በአንድ መድረክ ሠራ። የፈረንሳይ መንግሥት የሥነ ጥበብ ኒሻን ሸለመው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ስም ካገኘ በኋላ ከመንደሩ ይወጣል። እሱ ግን ያገኘውን ይዞ ወደ ካዛንቺስ ተመለሰ። ፈንዲቃን የባህል ማዕከል አደረገው፤ በግቢው የሥዕል ማሳያ ከፈተ፤ የግጥም ምሽት፣ የጃዝ ምሽት፣ የአዝማሪ ምሽት ተፈራረቁበት። ወጣት ሠዓሊ የመጀመሪያ ሥራውን የሚሰቅልበት ግድግዳ አገኘ።

እኔ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ደስ የሚለኝ ታላቅ ሙዚቀኛ የሚመጣበት ማታ ብቻ አልነበረም። ሰው ያነሰበት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን የሚመታበት፣ አዝማሪው ማሲንቆውን በዝግታ የሚያሻበት ማታም ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ሰዓት በአንድ በኩል ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ፣ በሌላ በኩል የሰፈሩ ሊስትሮ ተቀምጦ ሁለቱም አንድ ዜማ ይሰማሉ። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ አዝማሪው የማይደርስበት ጥግ የለም፤ ተቀበል የሚባለው ጆሮ እስኪሰጥ ድረስ መጠጋት ሲቻል ነውና፣ አዝማሪ ቤትን አዝማሪ ቤት የሚያደርገው ትንሽነቱ ነው። በአዳራሽ መድረክ ላይ አዝማሪ ይዘፍናል፤ አንተ ታዳምጣለህ። በትንሽ ቤት ግን አንተ ትናገራለህ፣ እሱ አፍ ይሆንሃል። አባቴ በዳሱ ሥር ያገኘውን ድምፅ የከተማው ሰው የሚያገኘው እዚህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካዛንቺስ በቁራጭ በቁራጭ እያለቀች ሄደች። ትልልቅ ሆቴሎችና ፎቆች በቀሉ፤ የመሬቱ ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ ኪራዩ የሚከፈል አልሆነም። አንዳንዱ ቤት ማሲንቆውን ትቶ ኦርጋን አስገባ፤ ድምፅ ማጉያው ሲበረታ ሹክሹክታ አይሰማም፤ ሹክሹክታ በሌለበት ተቀበል የለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ የሌሊት ቤቶችን ሁሉ ዘጋ። የአዝማሪ ኑሮ ሰው በተሰበሰበበት የሚገኝ ጉርሻ ነውና፣ ያ ዘመን በእነሱ ላይ ከሁሉም በላይ ከበደ። ብዙ ቤቶች ከዚያ በኋላ አልተከፈቱም።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ የጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያዎቹ ወራት ካዛንቺስ ደረሰ። ዕውነቱን ለመናገር የካዛንቺስ ኑሮ ለሁሉም ምቹ አልነበረም። ጣራው የሚያፈስ፣ ግድግዳው የሚያዘም፣ መጸዳጃው ለአሥር ቤተሰብ አንድ የሆነ ግቢ ብዙ ነበር፤ እዚያ ልጅ ያሳደገች እናት የተሻለ ቤት ስታገኝ ደስ ቢላት ልንፈርድባት አንችልም። ነገር ግን ሰፈር የግድግዳ ድምር ብቻ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ዕድር ከዕድር፣ ደንበኛ ከጠጅ ቤቱ ሲለያይ የሚፈርሰውን የሚለካ ሜትር የለም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰዉ ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ተበተነ። ቤቶቹ ፈረሱ። ፈንዲቃም ፈረሰ። ኋላ መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ውስጥ ቦታ አግኝቶ ሥራውን ቀጥሏል፤ ስለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን፤ ድምፁ አልሞተም። የካዛንቺሱ ቤት ግን የለም።

ከፈረሰ በኋላ አንድ ቅዳሜ ወደዚያ ሄድሁ። ቦታው ሜዳ ሆኗል። የቱ ጋ በሩ እንደነበር፣ የቱ ጋ ያ በርጩማ እንደነበር ለመለየት ብሞክር ምልክት የሚሆን አንድ ግንብ እንኳ አልነበረም። ሰፈሩን የማውቀው በቤት ነበር፤ «ከጠጅ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት» እያልሁ። ቤቶቹ ሲጠፉ አድራሻውም አብሮ ጠፋ። አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። «እዚህ ጎረቤት ነበርሁ» አለኝ፤ ከዚያ ሌላ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁትም። ጎን ለጎን ቆመን ሜዳውን አየን።

ወደ ቤቴ ስመለስ በታክሲ ውስጥ ያ የጥር ሰርግ ታየኝ። አዝማሪው «ንካው» ሲለኝ፣ የፈረሱ ጭራ ሙጫ ጣቴ ላይ ሲጣበቅ። ሽማግሌው ያሉት ብድርም ትዝ አለኝ። ከዚያ ሳልፈልገው፣ ቤቱም ራሱ እየመታ፣ ሁለት ስንኝ መጣልኝ፦

ለማሲንቆህ ጭራ አትጨነቅ በከንቱ፣
ጎረቤቱን ጠይቅ፣ ፈረስ አለ ቤቱ።

ሰሙ ቀላል ነው፤ ለማሲንቆ ጭራ የሚሆን ፈረስ በጎረቤት ቤት አለ። ወርቁን ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል፤ ሲነገር «ፈረስ አለ ቤቱ» እና «ፈረሰ አለ ቤቱ» ለጆሮ አንድ ናቸውና፣ ጎረቤቱ ቤቱ ፈረሰ አለ ማለት ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቼ የከፈልሁት ብድር ይኸው ነው። አሁን የምፈልገው የሚቀበለኝን ነው። አዝማሪው ከጣሊያን ጥይት በኋላም፣ ከሰዓት እላፊው በኋላም ተመልሶ የመጣው አንዲት ሴት አንድ ክፍል ከፍታ፣ በርጩማ አቅርባ፣ ቄጤማ ጎዝጉዛ ስለጠበቀችው ነው። አዲሱ ካዛንቺስ ሲሠራ፣ ደብረ ማርቆስም አማኑኤልም በፎቅ ሲያድጉ፣ ከፎቁ ሥር እንደዚያች ክፍል ያለች ትንሽ ቤት ትኑር፤ ሰው ከሰው ጉልበት ለጉልበት የሚነካካባት፣ ሹክሹክታ የሚሰማባት። እዚያ ገብቼ፣ አዝማሪው ዝቅ ብሎ ጆሮውን ሲሰጠኝ፣ እንደ አባቴ ቀና ብዬ «ተቀበል!» እለዋለሁ።